«ይባላል» የሚለው ማነው? የአንድ አምደኛ ሐሳብና የተከተሉት 31 መልሶች

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከሀዋሳ ነው የምጽፈው። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና ለባለጉዳይ የሚሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች አሉኝ። አቤቱታ፣ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የዕድር ደብዳቤ ስጽፍ እውላለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ከአማርኛ ጋር ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባለጉዳይ ጋዜጣውን ረስቶ ሄደ። ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ አንድ አምድ ላይ ዓይኔ አረፈ። አምደኛው ስለ ቋንቋ፣ ስለ አጻጻፍና ስለ አስተያየት ያለውን ሐሳብ ዘርግፎታል። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው።

አንደኛው ስለ ፊደል ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት አንድ ይበቃቸዋል ይላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ እያሉ ልጆችን ማስጨነቅ ምን ይሠራል ባይ ነው። እኔም ፊደሎቹ ከጥንትም ድምፃቸው አንድ ስለነበረ ትርፍ ናቸው ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው የበለጠ ነካኝ። አስተያየት የሚጽፍ ሰው «ይባላል»፣ «ይታመናል»፣ «ይነገራል» እያለ መሸሽ የለበትም ይላል። ያመንከው አንተ ከሆንክ አምናለሁ በል። ሌላ ሰው ከሆነም ማን እንደሆነ ንገረን። ባለቤት የሌለው አስተያየት ገበያ መሀል እንደተገኘ በግ ነው፣ ማንም ይጎትተዋል።

ለምን እንደነካኝ ልንገራችሁ። ጋዜጣውን ከማግኘቴ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አንዲት እናት መጥተው ነበር። ጎረቤታቸው አጥራቸውን ገፍቶባቸዋል። ንጋት ላይ ቆርቆሮ ሲነቀል ሰምተው ወጥተው አይተዋል። እኔ እንደ ልማዴ «ድንበሩ እንደተገፋ ይታወቃል» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላቸው አስቆሙኝ። ማነው የሚያውቀው ብለው ጠየቁኝ። ቆርቆሮው ሲላጥ ያየሁት እኔ፣ ብርዱን የጠጣሁት እኔ፣ ታዲያ ሌላ ማን ያውቃል አሉ። ሰረዝኩትና «በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ አስተካከልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰውን ዓይን ስሰርዝ ኖሬያለሁ ብዬ ደነገጥኩ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ከአምደኛው ጋር ትስማማላችሁ? በተለይ በሁለተኛው ላይ የእናንተን ሐሳብ እፈልጋለሁ። የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በአስተያየት ጽሑፍ ውስጥ «ይባላል» ማለት ፈሪነት ነው።

መልሶቹ

ክሩ (የዚህ መድረክ ውይይት) ስለረዘመ፣ አሁን ለምትገቡ ሰዎች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እተርክላችኋለሁ። ቃል በቃል አላመጣኋቸውም። በራሴ አማርኛ ነው ያልኳቸው። ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

መልስ 1። ፒያሳ አካባቢ እሠራለሁ ያለ ሰው ነበር። በጣም ጨዋ መልስ ነው። ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ ተናግሮ የጋዜጣ አርዕስት የሚዘጉባቸውን ግሦች ደረደረልን፤ ተገለጸ፣ ተጠቆመ፣ ተመለከተ፣ ተባለ። ማን ገለጸ፣ ማን ጠቆመ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መጥፋቱ ነው እሱን ያሳሰበው።

መልስ 2። ድሮ ሪፖርተር ነበርኩ ያለች ሴት አረመችን። ዜና፣ ርእሰ አንቀጽና አምድ የተለያዩ ናቸው አለች። ዜና ላይ አርዕስቱ «ተባለ» ብሎ ቢያልቅም የመጀመሪያው አንቀጽ ተናጋሪውን ከነሥልጣኑ መጥራት አለበት። ርእሰ አንቀጽ የጋዜጣው ድምፅ ስለሆነ የሰው ስም አይሰፍርበትም። አምድ ግን ስምና ፎቶ ይዞ የሚወጣ የአንድ ሰው ሐሳብ ነው። ስለዚህ የአምደኛው ወቀሳ የሚያርፈው ሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ልክ ናት። እኔም የመጀመሪያው መላሽም ሦስቱን ደባልቀን ነበር።

አንድ ነገር ግን ጨመረች። ዜናው ውስጥ ገብታችሁ ተናጋሪውን ፈልጋችሁ ካጣችሁት፣ ያ ዜና አይደለም፣ ወሬ ነው አለች።

መልስ 3። ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። ከዚህ በኋላ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ ሁላችንም በክሩ ውስጥ እንደዚያ ስንላቸው ነበር። የፊደሉን ነገር እኔ እንደተሳሳትኩ በለሰለሰ አንደበት ነገሩኝ። ፊደሎቹ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ወደ አማርኛ ሲመጡ ነው ድምፃቸው የተዋሐደው። ትርጉም ይለያሉ። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ሌባ ነው፤ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ግን ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። «መሐረ» ብትል ይቅር አለ ነው፣ ምሕረት ከዚያ ይመጣል። «መሀረ» ብትል አስተማረ ነው፣ ምሁር ከዚያ ይመጣል። «ሰአሊ ለነ» ለምኝልን ነው። በሌላው ሠ እና በሌላው ዐ ከጻፍከው ሥዕል ሳይልን እያልክ ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ፣ ፊደል ይቀነስ የሚለውን ሐሳብ ግን እንደማይጠሉት ተናገሩ። ሰው ቢቀንስ አይቆጣኝም፤ ምን እንደቀነሰ ሳያውቅ ሲቀንስ ነው የምቆጣው አሉ። እኔን ነው። ተቀበልኩ።

መልስ 4። ትግርኛ አፍ መፍቻው የሆነ፣ እዚሁ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ወጣት ነው። እናንተ ትርፍ የምትሉት ሐ እና ዐ በእኔ ጉሮሮ ውስጥ እስከ ዛሬ አሉ አለ። እናቱ ስልክ ስትደውል ሐ እና ሀ ለየብቻ እንደሚሰሙ ገለጸልን። አጭር መልስ ነበር። ከጋሼ ቀጥሎ ስለመጣ ግን ከባድ ሚዛን ነበረው።

መልስ 5። ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ታሪኩ ይከበር፣ ኮምፒውተሩ ግን ታሪክ አይገባውም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዞ ገብቷል። ስለዚህ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ቆጥሮ አሳየን። መጀመሪያው ፊደል በሁለት ዓይነት ይጻፋል፣ ጸ ወይም ፀ። መካከለኛው በስድስት፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነው። በአፍ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒውተር 12 ቃል ነው። በአንዱ ጽፈህ ብትፈልግ አሥራ አንዱ ይቀርብሃል። የእሱ መፍትሔ ሰው እንደፈለገ ይጻፍ፣ ፈላጊው ፕሮግራም ግን ሁሉንም እንደ አንድ ይቁጠር የሚል ነው።

መልስ 6። እኔ ነኝ የመለስኩት። ይኼ ነገር እኔ ጠረጴዛ ላይ በየሳምንቱ ይመጣል። አንድ ሰው መታወቂያው ላይ ኃይሉ ነው፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ሀይሉ ነው፣ የቤት ካርታው ላይ ሃይሉ ነው። ሰውዬው አንድ ነው፣ ወረቀቱ ሦስት ሰው አድርጎታል። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው የሚል ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንዴ አንድ አባት ወረቀቶቻቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድረው፣ እናቴ ያወጣችልኝ የትኛውን ነው ብለው ጠየቁኝ። እናታቸው ማንበብ አይችሉም ነበር። በአፋቸው ነው ያወጡት። ለዚያ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

መልስ 7። አሞራ ገደል አካባቢ የሚውል ሰው ነው። ክሩ የተጠማዘዘው እዚህ ጋ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉትን ምግብ ቤቶች እየዞረ ሰሌዳቸውን አይቶ መጣ። ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ አሳ። አራቱንም በአንድ ከሰዓት አገኛቸው። ጋሼ ወዲያው ትክክለኛው «ዓሣ» ነው፣ በዐይኑ ዓ እና በንጉሡ ሣ አሉ። የኮምፒውተሩ ልጅ ደግሞ ዐ እና ኣ ሲጨመሩ ስምንት ይሆናል አለ።

መልስ 8፣ 9፣ 10 እና 11። ስለ ዓሣ ነው፣ ስለ ፊደሉ ሳይሆን ስለ ሥጋው። ቆሮሶ ይሻላል፣ አምባዛ ይሻላል፣ ጥሬው በአዋዜ፣ የጠዋት ሾርባ፣ አባ ኮዳ ወፍ ከእጅ የነጠቀው ቁራጭ። አልዘረዝረውም። የሀዋሳ ሰው ዓሣ ከተነሣ መቆሚያ የለውም። ወደ ጥያቄዬ እንድንመለስ ለመንኩ።

መልስ 12። የክሩን ደረጃ ከፍ ያደረገችው እህት ይህቺ ናት። ሲዳማ ናት። በመጀመሪያ የከተማዋን ስም አረመች። አንዱ መላሽ «ሐዋሳ» ብሎ ጽፎ ነበር። ድሮ በሰነዱ ሁሉ «አዋሳ» ተብላ ስትጻፍ የኖረችው ከተማ የሲዳምኛ ስሟን ስታገኝ በሀሌታው ሀ ነው ያገኘችው፣ ሐመሩ ሐ እኛ አፍ ውስጥ የለም አለች። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። የሚጠብቀው ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ የሚረዝመውም እንዲሁ። አማርኛ ግን በተለምዶ ማጥበቂያ ስለማይጻፍበት፣ ልጅ ሆና ሐይቁ ዳር «ዋና ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ስታይ ግራ ተጋብታ እንደነበር ነገረችን። ትምህርት ቤት የምታውቀው «ዋና» የሚጠብቀው ነው፤ ዋና በር፣ ዋና ሐሳብ። የሚላላውን፣ ውሃ ውስጥ የሚዋኘውን አታውቀውም ነበር። ዋናው ነገር ክልክል ነው ብላ አነበበችው።

ከዚያ ዋና ሐሳቧን አመጣች (የሚጠብቀውን)። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻቸው እንዲማሩ ከፈቀደ በኋላ ትምህርት የጀመረች ናት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። ጋዜጣ ማንበብ ትወዳለች። አንዳንድ አምደኞች ግን አንድ አንቀጽ ውስጥ አምስት የግዕዝ ቃል ሲደረድሩ በሩን ፊቷ ላይ እንደዘጉባት ይሰማታል። ሐሳቡ ከባድ ቢሆን ትታገለው ነበር። ቃሉ ሲነሣ ግን ከሥሩ ያለው ሐሳብ ቀላል ሆኖ ታገኘዋለች። ቀላል አድርጎ መጻፍ አንባቢን ማክበር ነው ብላ ጨረሰች።

መልስ 13። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ሰው ያልገባው ይማር እንጂ ቋንቋው ለምን ይውረድ አለ። ቋንቋ የሚያድገው በከባድ ቃል ነው፣ ሁሉ እንዲገባው ከተባለ አማርኛ የገበያ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል አለ።

መልስ 14። ሌላው ተቆጣ። ገበያ ምን አለው ብሎ ጠየቀ። እናትህ አማርኛ ያስተማረችህ ወደ ገበያ እየላከችህ ነው አለው። ለሦስት መስመር ያህል ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ አላመጣም።

መልስ 15። ስድብ ስለነበረ ጠፍቷል።

መልስ 16። ጋሼ ተመለሱ። ማንንም አልገሠጹም። ስለ ጳውሎስ ኞኞ ነገሩን። ጳውሎስ በመደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በ1933 በተመሠረተው አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው አምዱ ግን ከየአገሩ የመጣለትን ጥያቄ ሲመልስ አገሩ ሁሉ ያነበው ነበር። ገበሬውም ተማሪውም ይጽፉለታል፣ በሚገባቸው ቋንቋ ይመልስላቸዋል። ጋሼ ወጣት አስተማሪ ሳሉ ጋዜጣው ሲመጣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች አምዱ እንዲነበብላቸው ይሰበሰቡ እንደነበር ያስታውሳሉ። ጆሮ የማይገባ ጽሑፍ እንዲህ አይሰበስብም አሉ። ከዚያ ለ13ኛው ሰው በስሙ ዞረው፣ ልጄ፣ ከባዱ ቀላል አድርጎ መጻፍ ነው፣ ሞክረው አሉት።

ልጁ ከዚያ በኋላ አልጻፈም። መልሱን ግን አልሰረዘም።

መልስ 17። መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። የግዕዙን ተዉትና የስብሰባውን አማርኛ እዩ አለ። «እንደ ሀገር»፣ «እንደ ተቋም»፣ «ከዚህ ጋር ተያይዞ»፣ «የሚሠራበት ሁኔታ ነው ያለው»። አንድ ምሳሌ ሰጠን። «ከውሃ አቅርቦት ጋር ተያይዞ ውስንነቶች የሚስተዋሉበት ሁኔታ ነው ያለው» ማለት ውሃ የለም ማለት ነው። ውሃ የለም ካልክ ግን ቀጥሎ ለምን ተብለህ ትጠየቃለህ። «ሁኔታ ነው ያለው» ካልክ ማን ምን ብሎ ይጠይቅሃል? ሁኔታን ማን ከሶ ያውቃል?

ይህን መልስ ሳነብ እጄ ቆመ። የእኔም «ይታወቃል» የዚሁ ዘመድ ነው።

መልስ 18። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ተቃውሞ ይህ ነው። ጸሐፊው ስለ ቅኔ የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። አምደኛው ባህላችንን አያውቅም አለ። አማርኛ የሰምና ወርቅ ቋንቋ ነው። አባቶቻችን በግልጽ እኔ እንዲህ አልኩ ሳይሉ ነው ንጉሥን የወቀሱት። በቅርብ ዘመንም ቢሆን በአዲስ አድማስ ርእሰ አንቀጽ ላይ ነቢይ መኮንን ተረት አስቀድሞ፣ በተረትና ምሳሌ ዘግቶ የልቡን ይናገር ነበር። ማንም ፈሪ አላለውም። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እየተባለ ያደገን ሕዝብ ፊት ለፊት ካልተናገርክ ማለት አለማወቅ ነው አለ።

ሁለት ቀን መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው ብዬም አሰብኩ።

መልስ 19። ጋሼ ናቸው፣ እና ከክሩ ሁሉ እኔ የማስቀምጠው መልስ ይህን ነው። ሰምና ወርቅ ትርጉሙን ይደብቃል እንጂ ተናጋሪውን አይደብቅም አሉ። ቅኔ ዘራፊ ጉባኤው መሀል ተነሥቶ፣ ቆሞ፣ በመምህሩ ፊት ነው የሚቀኘው። ወርቁ ቢደበቅም ማን እንደተቀኘ ሰው ሁሉ ያያል። ቢያበላሽ የሚታረመው እሱ ነው፣ ቢያሳምር የሚመሰገነውም እሱ ነው። ተረቱም እንዲሁ። ተረቱን የሚያስቀድመው ጋዜጣ ስሙ ከላይ በትልቁ ታትሟል።

ቀጥለው ወደ ድሮው ችሎት ወሰዱን። በላ ልበልሃ ሲባል ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ ዳኛው ፊት ይቆማል። ቃሉ በግጥም ነው፣ በምሳሌ ነው፣ በዙሪያ ጥምጥም ነው። ግን ዋስ ይጠራል። በማር ይወራረዳል፣ በበቅሎ ይወራረዳል። እሰጥ አገባ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው አሉ። ቃሉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚያጣው በቅሎ አለው። «ይባላል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ያጣል? ምንም አልተወራረደም።

18ኛው ሰው አንድ ቃል ብቻ መለሰ። ተረታሁ አለ። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ አይቼ አላውቅም። አከበርኩት።

መልስ 20። የሕግ ባለሙያ ገባ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃ የመያዝና የመግለጽ መብት እንደሚሰጥ አስታወሰን። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርና የሐሰት መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 አለ። «ይባላል» ብዬ ነው ያልኩት ማለት ከተጠያቂነት ያድነኛል ብላችሁ እንዳታስቡ አለ። ጠቃሚ ነው። ረጅም ነበር፣ አሳጥሬዋለሁ።

መልስ 21። አሁን ወደ እኔ መጡ። አንድ ሰው ምንም ሰላምታ ሳይሰጥ፣ አንተ የሰው ማመልከቻ ጽፈህ ፊርማው የሌላ፣ ተጠያቂነቱ የሌላ፣ እዚህም የምትጽፈው በቅጽል ስም፤ ሌላውን ፈሪ ለማለት ማን ሥልጣን ሰጠህ አለ። ሰውን ፈሪ ከማለትህ በፊት ስምህን ጻፍ አለ።

መልስ 22። የእኔ ነው። እውነት ነው ብዬ መለስኩ። ያልኩትን ግን አልተውኩም። ቅጽል ስም ይዤ ቢሆንም «እኔ አምናለሁ» ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ብሳሳት አምጥታችሁ የምታፋጥጡት ሰው አለ፤ ጋሼም አፋጥጠውኛል።

መልስ 23። ከዚህ በፊት ያልጻፈች ሴት ነበረች። ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ የለወጠችው ግን እሷ ናት። ታሪኳን በአጭሩ እነግራችኋለሁ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ደመወዝ በየወሩ ይዘገይ ነበር። ለአንድ ጋዜጣ የአንባቢያን አስተያየት ገጽ ሙሉ ስሟን ጽፋ ላከች። ወጣላት። አንድም ስድብ የለበትም፣ ቀን በቀን የዘገየውን ቆጥራ ነው የጻፈችው። ጋዜጣው በወጣ በሦስተኛው ቀን ተጠራች። ማንም አላባረራትም። ከመስኮቷ አንሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት መደቧት። ከሰው ጋር ስትውል የነበረች ሴት ከካርቶንና ከአሮጌ መዝገብ ጋር ስትውል ከረመች። ጓደኞቿ ምሳ ላይ ቦታ እየቀየሩ ይቀመጡ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ስትጽፍ «ይባላል» ነው የምትለው። ለእኔ «ይባላል» ጣራ ነው አለች። ዝናብ የሚያውቅ ሰው ጣራ የፈለገን ሰው ፈሪ አይለውም አለች።

መልስ 24፣ 25፣ 26 እና 27። ብዙዎቹ አይዞሽ እህቴ የሚሉ ናቸው። አንዱ ግን ሰበብ ነው አላት። ሁሉም እንዲህ ካለ እውነት የሚናገር አይገኝም አለ። ሲዳማዋ እህት መለሰችለት። እሷ አንዴ በስሟ ተናግራ ዋጋ ከፍላለች፣ አንተ ስንቴ ከፈልክ አለችው። ጸጥ አለ።

እኔም እዚህ ላይ «ፈሪነት ነው» ያልኩትን አነሣሁ። በመክፈቻው ጽሑፍ ላይ አልሰረዝኩትም፣ እንዳለ ነው፣ እንዴት እንደተለወጥኩ እንዲታይ። አሁን የማምነው እንዲህ ነው። ደመወዟ በሌላ ሰው እጅ ያለ ሴት «ይባላል» ብትል አልፈርድባትም። ስሙና ፎቶው ከአምዱ አናት ላይ ያለ፣ የሚከፈለው፣ አቤት የሚልለት ጋዜጣ ያለው ሰው «ይባላል» ሲል ግን እፈርድበታለሁ። አምደኛው የተናገረው ስለ ራሱ ሙያ ሰዎች ነው። እኔ ነኝ ለሁሉም ሰው ያለበስኩት።

መልስ 28። ሪፖርተር የነበረችው ተመለሰችና መላ አመጣች። ስም መግለጽ የማይችል ሰው ቢኖር ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ሠራተኛ ተብሎ ይጻፋል። አንባቢ ከዚያ ቃል ጀርባ አንድ ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው ለምን እንደተደበቀ ያውቃል። አዘጋጁም ማንነቱን ያውቃል፣ ለቃሉ ዋስ ይሆናል። «ይባላል» ግን ሰው መኖሩንም ይደብቃል አለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ይህን ዘዴ ማንም እንዳልነገራት ጻፈች። ነገሯት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬም መስኮቷ ላይ ትሆን ነበር።

መልስ 29። የጠዋት የዓሣ ሾርባ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልቅ የጠየቀ ሰው። ሦስት ሰው መለሰለት። ቶሎ ውጣ ነው መልሱ።

መልስ 30። ጋሼ፣ እነዚያ እናት የአጥራቸው ነገር ምን ደረሰ ብለው ጠየቁ። ይህን ሁሉ ስንጨቃጨቅ እሳቸውን ረሳናቸው አሉ።

መልስ 31። የእኔ ነው። ማክሰኞ ተመልሰው መጡ። ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው። ቀጠሯቸው ለሚመጣው ወር ነው። ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ድጋሚ እንዳነብላቸው ፈለጉ። አነበብኩ። «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀን ስሕተት ስለነበረ አንድ ገጽ አስተካክዬ አተምኩ። ፊርማ ስለማያውቁ የቀለሙን ፓድ ከፍቼ አቀረብኩላቸው። አውራ ጣታቸውን ነክረው፣ የቱ ጋ ነው ያየሁት የሚለው ብለው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ግርጌ ላይ ያለውን የፊርማ ቦታ ትተው፣ እዚያው መስመሩ ጎን ላይ ተጭነው አሳረፉ። ከዚያ ግርጌውም ላይ ደገሙት።